በዛብህ ሐዋሳ ምን ይሠራል?

«በዛብህን ከሞት አስነሥቼ ሐዋሳ አመጣሁት።»

ምን ሊሠራ? ዲማ ቅኔ የተማረ ልጅ አሞራ ገደል ዓሣ ሊያጠምድ? ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ አልቅሰው የቀበሩትን ሰው አንተ ማን ነህና ትቆፍረዋለህ?

«አንባቢ ይወደዋላ!»

የሚወደው የእሳቸውን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርክለት ያለቀሰ ሕዝብ፣ ለአንተ እንባ የሚከፍለው የራስህን ሰው ስታመጣለት ነው።

«እሺ፣ ስም ቀየርኩ። ሰብለ ወንጌልን ስንዱ አልኳት።»

ስም መቀየርማ ቀበሌም ይችላል! ልጅቷ አሁንም ፊታውራሪ ቤት ተቀምጣ አስተማሪዋን ታፈቅራለች።

«ጉዱ ካሳን ብቻ ላስቀረው?»

መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚሰማው የሐዲስ ድምፅ ነው፤ ያንተ መቼ ይሰማ?

«ኢ. ኤል. ጄምስስ? ከ‹ትዋይላይት› ተነሥታ ‹ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ›ን አልሸጠችም?»

ሸጠች። ግን ስሙን ከመቀየሯ በፊት ቫምፓየሩን ባለ ኩባንያ ሰው አድርጋው ነበር። አንተ ከስሙ ጀመርክ። ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብብ፤ ሐሳብ የማንም ነው፣ ድርሰትን መለወጥ ግን የደራሲው መብት ነው፤ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው። ቁጠረው።

«ታዲያ ልተወው?»

ማን ተወው አለህ? ሼክስፒርም ሮሜዮና ጁልየትን ያገኘው ከአርተር ብሩክ ግጥም ነው። ጂን ሪስ በ«ጄን ኤር» ውስጥ ተቆልፋ የኖረችውን ሴት አይታ፣ «ይህች ሴት ከመቆለፏ በፊት ማን ነበረች?» ብላ ጠየቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የራሷን መጽሐፍ አወጣች። አንተም ጠይቅ። ሰብለን የወደድካት ለምንድን ነው? ዘር የሚቆጥር ቤት ከምትወደው ስለለያት አይደል? ታዲያ ዛሬ ሐዋሳ ላይ ሁለት ሰው የሚለየው ምንድን ነው?

«…ገንዘብ?»

አሁን መጣህ! ልጅቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትስፋ። ልጁ ሐይቅ ላይ መረብ ይጣል። ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ይገናኙ። ፊታውራሪው ይቅር፤ የደመወዟን ግማሽ በየወሩ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይምጣ። ክፉ አታድርጋቸው፤ ርቧቸው ነው የሚጠብቁት። እሷም ታውቃለች፤ ስለዚህ ነው ልጁን እሺ ለማለት የተቸገረችው።

ይህን ሐዲስ አልጻፉትም፤ የሚጽፈው እዚህ ያደገ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ጀምር። ሲታተም የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ እገዛለሁ።