ባለ አንድ ዓይኑ አያት

ጳጉሜንን ያመጣት ሰው የልጅ ልጅ አልነበረውም። 5 ቀን አንሶ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስተኛ ይጨመርባታል! ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝናቡ ገና አልጨረሰም፤ የጋሸና ብርድ ደግሞ ክረምት ሊወጣ ነው ብሎ ለማንም አያዝንም። ታዲያ ልጆቹ የት ይሂዱ? እኔ ጋ!

ነሐሴ 16 ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ ሴቶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው አሸንድዬ ሲጨፍሩ ሰነበቱ። እሱስ ደግ ነው፤ ደጅ ነው የሚጨፈረው። እሱ አልቆ እፎይ ልል ስል ወንዶቹ ተነሡ። ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተው ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለክርስትና አባት ሊያድሉ ነው። "በእጃችን የሠራነው" ይላሉ ደግሞ። እጁ የእነሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእኔ። ወረቀቱ ከዕድር መዝገቤ መሀል የተገነጠለ፣ ጠረጴዛው ጉልበቴ፣ መወልወያው ጋቢዬ። ቢጫ ሲያምራቸው እርድ ከጓዳ ይወጣል፤ ቀይ ሲያምራቸው በርበሬ በውኃ ይበጠበጣል። ከዚያ ትንሹ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል፤ ጩኸቱ ወልድያ ይሰማል።

"ቀለም ይግዙልን" ይሉኛል። ቀለም ይገዛል እንዴ? እኛ የኔታ ለብራና መጻፊያ የሚያጠራቅሙትን ጥላሸት እየሰረቅን ነው ያደግነው። ጸሐፊ ጥላሸቱን ከተቆላ እህል ጋር እየፈጨ፣ እያሸ፣ እያከረመ ስንት ይደክምበታል! የጥንቱ መጽሐፍ ፊደሉ እስከ ዛሬ ከሰል የመሰለው ለዚህ ነው። ይህን ጥበብ ለልጆቹ ባወርስ የምጣዱን ቂጥ ፍቀው ግድግዳውን አጠቆሩት። ምራቴ የገላመጠችው ግን እኔን ነው።

ይሁን፣ እሱንም ቻልኩት። ዋናው በደል ሌላ ነው። ትንሹ እኔን ሣለኝ፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን!

ላስታ ተወልዶ ይህን የማያውቅ አለ? በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። እንዲያው ዓይን ቸግሮት ቢሆን ባልከፋኝ፤ ከእግሬ ሥር ላለችው ዶሮ ግን ሁለት ሰጥቷታል!

"ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?"

"አባባ፣ የላሊበላን መኪና እየጠበቁ እኮ ነው!"

ከወልድያ የመጣውም ከደብረ ታቦር የመጣውም ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው እዚሁ ነውና፣ እውነት ነው፣ እኛ አንገታችን ወደ መንገድ ዞሮ የቀረ ሰዎች ነን። መልሱ ግን አልተዋጠልኝም። ይባስ ብሎ ያ ሥዕል ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለንስሐ አባቴ! ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር አተኩረው ያዩኛል።

አዲስ አበባ ላለችው ልጄ መልአክ ተሣለላት። በሾፌር እጅ እልካለሁ ብዬ ፌስታል ስፈልግ በስልክ አንሥተው በቴሌግራም ሰደዱት። "ደረሰኝ አባዬ፣ እንዴት ያምራል!" አለች። ምኑ ነው የደረሳት? ወረቀቱ እዚህ ተቀምጦ እርድ እርድ ይሸተኛል። አዲስ አበባማ የታተመ ሥዕል ገዝቶ የሚያዞር ልጅ ሞልቷል። የእኛው መልአክ ክንፉ ከዶሮዋ የተገለበጠ ቢሆንም የሰው እጅ አለበት፤ ይህን አልክድም።

መስከረም 1 ማለዳ ሴቶቹ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሁሽ እያሉ፣ ወንዶቹም ሥዕላቸውን ታቅፈው ወጡ። ዳቦም ብርም ይዘው ገቡ። የእርዱንና የበርበሬውን ሒሳብ ባነሣ የሁሉም ጆሮ ተደፈነ።

አሁን ደግሞ የታኅሣሥ ወሬ ተጀምሯል። ታኅሣሥ 29 የጌታም የንጉሥ ላሊበላም ልደት አይደል? ምእመኑ በደጃችን ሲተም ይሰነብታል፤ የልጄ ልጅም ከአዲስ አበባ አብሮ ይመጣል። ለእሱ የገና ዱላና ሩር በስጦታ ይሠራለት ተብሏል። ቆጣ ስል፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለው ይተርቱብኛል። ሩሩ ግድ የለም፣ ቆዳ ይሰፋል። ዱላው ግን ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ይፈልጋል። ትናንት ትንሹ ከዘራዬን ገልብጦ ከቁመቱ ጋር ሲለካ ደረስኩበት። ማታውን ከዘራዬን አቅፌ ተኛሁ።