የሚከራይ በር አለ

አዲስ አበባ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የማያውቅ የለም፦ «የሚከራይ ቤት። ውሃና መብራት ያለው፣ ሰላማዊ ግቢ፣ ልጅ የሌላቸው ይመረጣሉ።» ጅቡቲም ወረቀት ብትለጥፍ ኖሮ፣ «ባሕር ዳር። ለባብ ኤል መንደብ ቅርብ፣ የራሱ መግቢያ ያለው፣ ጦር ያላቸው ይመረጣሉ» ብላ ትጽፍ ነበር። ተከራይ አልጠፋም። (ዓመታቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ኪራዩም የሚገባው በዶላር ነው።)

ፈረንሳይ እስከ 1977 ባለቤት ነኝ ስትል ኖራ፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃዋን ሳታወጣ እዚያው ተከራይ ሆነች። አሜሪካ የፈረንሳዮቹን የድሮ ካምፕ ይዛ፣ በ2014 ባደሰችው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ልትከፍል ተስማማች። ጃፓን በ2011 ገባች፤ ጣልያንም ተከተለች። በኦገስት 2017 ደግሞ ቻይና መጣች። የጦር ሰፈር አይደለም፣ «የሎጂስቲክስ ድጋፍ» ነው፣ መርከብ ስንቅና ውሃ የሚቀዳበት ነው ተባልን። ሁለት ወር ሳይሞላው ስንቅ ቤቱ በእውነተኛ ጥይት የተኩስ ልምምድ አደረገ። ምን ይደረግ፣ ስንቅም እኮ ሌባ አለው።

በዓመቱ የግቢ ጸብ ተነሳ። አሜሪካ «ቻይናዎቹ በሌዘር የአብራሪዎቼን ዓይን ወጉ» ብላ አቤት አለች፤ ቻይና «በፍጹም» አለች። ሁለት ኃያላን በመብራት ተጣሉ! እኛ ሰፈር ቢሆን አከራይዋ እማማ ቆጣሪውን አጥፍተው ይገላግሏቸው ነበር።

እኔ ተከራዮች ሲገቡ ከሚሉት ሁሉ የምወደው «ንግድ ብቻ ነው» የምትለዋን ቃል ነው። አሰብን በ1869 የገዛው ሩባቲኖ የተባለ የጣልያን የመርከብ ኩባንያ ነበር። ውሉ የተፈረመው የስዊዝ ቦይ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ አጋጣሚ መሆን አለበት። ኩባንያው የፈለገው ለመርከቦቹ ከሰል የሚያራግፍበት ቦታ ብቻ። በ1882 ቦታውን ለጣልያን መንግሥት አስረከበ፤ በ1885 ወታደሩ ምጽዋ ወረደ፤ በ1890 ኤርትራ የምትባል ቅኝ ግዛት ታወጀች። በ1896 ዓድዋ ላይ የተቀጣጠለው ያ ከሰል ነው።

ትልልቆቹ ይህችን ቃል ለሰው ቤት እንጂ ለራሳቸው አይጠቀሙባትም። በ2006 የዱባዩ ዲፒ ወርልድ የእንግሊዙን ፒ ኤንድ ኦ ሲገዛ፣ ስድስት የአሜሪካ ወደቦች ላይ ያሉ ተርሚናሎች አብረው ደረሱት። ኮንግረስ «ብሔራዊ ደህንነት!» ብሎ ጮኸ፤ ኩባንያውም ድርሻውን ሸጦ ወጣ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ለዚያው ኩባንያ የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል በ30 ዓመት ውል ሰጠች። ኒው ዮርክን ያሰጋ ክሬን ዶራሌ ሲደርስ ልማት ይሆናል፤ የአየር ጸባዩ ይሆናል። በ2018 ጅቡቲ «ሉዓላዊነቴን» ብላ ተርሚናሉን ስትነጥቅ ደግሞ ዋሽንግተን ደነገጠች፤ ቁልፉ ቻይና እጅ ቢገባስ? ዱባይ በአንድ ጀምበር የምትናፈቅ ተከራይ ሆነች። ቻይና መርቻንትስ የተባለው የቻይና ኩባንያ ግን ከ2013 ጀምሮ የወደቡ ድርጅት ባለድርሻ ነበር፤ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው በር አያንኳኳም።

እኛም በአቅማችን ሞክረናል። በ2018 ከበርበራ ወደብ 19 በመቶ ደረሰን ተብሎ አጨበጨብን፤ በ2022 የውሉን ግዴታ አላሟላችሁም ተብለን ባዶ እጃችንን ቀረን። ቀብድ ሳይከፍል መጋረጃ የሚለካ ተከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እስከዚያው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በዚያው በጅቡቲ በር ይመላለሳል። ጋላፊ ኬላ ላይ ማዳበሪያ የጫነ ሾፌር፣ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ሸሚዙን ፊቱ ላይ ጥሎ ተጋድሟል። ቀስቅሳችሁ ስለ ብሔራዊ ደህንነት ብትጠይቁት፣ «ትራንዚተሩ ስልክ አያነሳም» ይላችኋል።