የሁሉም ኮት

የዛሬ ወጣት በስልኩ ፊቱን አሳምሮ ፎቶ ይለጥፋል ብለው የሚያዝኑ ታላላቆቻችን አሉ። «በእኛ ጊዜ ፎቶ እውነት ነበር» ይላሉ። ልክ ናቸው! በ1960ዎቹ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሁሉ ባለ ስልክ ነበር። ስልኩ ገመድ የለውም እንጂ ሰውየውማ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ይነጋገራል። ከማን ጋር ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ፎቶ ቤት ደግ ቤት ነበር። ኮትና ከረባት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይጠብቁሃል። ኮቱ ከሰፋህ ፎቶ አንሺው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይይዝልሃል፤ ጀርባህን ማን ሊያየው! ሱሪህ የተጣፈ ከሆነ ጉርድ ትነሳለህ። ጠይም ሆነህ ብትገባም ግድ የለም፣ ነጌቲቩ በእርሳስ ነካ ነካ ይደረግና ቀይ ዳማ ሆነህ ትወጣለህ። ያኔ እኮ ፊልተር የሚባል ጉድ አልነበረም።

መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ቤቱ ቀድሞታል። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ (አንዱ ቢያልቅበትስ?)፣ ወፍራም መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በሩብ ሰዓት ተመርቆ ይወጣ ነበር።

ባልና ሚስት ሲመጡ ባል እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል፤ ሚስት እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ትቆማለች። ወንበር ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ቤቱን ያቆመው ማን እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ለነገሩ ልማዱ ከላይ የወረደ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመኖቹ ቦያጂያኖች፣ አባትም ልጆችም፣ ንጉሡንና መኳንንቱን በካባና በኒሻን አስጊጠው አንስተዋል። ልዩነቱ ካባው የባለቤቱ መሆኑ ነው።

እኔም አፌን ሞልቼ አላወራም። እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሦስት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፦ አባቴ፣ አጎቴና አንድ ዘመዳችን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሁሉም የተማሩ፣ የደላቸው ነበሩ» እየተባለ ይነገርላቸዋል። ባለፈው ፋሲካ አቧራቸውን ስጠርግ ቀረብ ብዬ አየኋቸው። የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ በሦስቱም ላይ የለም።