ሥነ ጥበብ በገንዘብ አይተመንም

ሥነ ጥበብ በገንዘብ አይተመንም። ለንደንና ኒውዮርክ ይህን እውነት ገና አልደረሱበትም፤ ከወልዲያ ወርዶ ሮቢትን፣ ቆቦንና ዋጃን ይዞ በተዘረጋው ቆላ ግን አንድ ጊዜ ስብሰባ የመራ ሰው ሁሉ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የማይተመን ነገር ዋጋ አይወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለት በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት አይከፈልም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የላላ ቀለበት ያገኘ እጁን ያውጣ። እኔ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ለሠዓሊ ገንዘብ የመክፈልን ኋላ ቀር ልማድ ከመካከላቸው ነቅለው ለጣሉ ወገኖቼ ምስጋናዬን ላቀርብ ብዕር አንስቻለሁ።

ኒውዮርኮችን ተመልከቱ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ የሣለችውን አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ጨረታ ላይ አውጥተው በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ቤተሰቦቿ በልጅነቷ ይዘዋት ባይወጡና እኛ ዘንድ ብትቀር ኖሮ፣ ያንን ግድግዳ የሚያክል ሸራ ለአንድ የምረቃ መድረክ በነፃ ሠርታ፣ ካናቴራና ኮፍያ ተሸልማ፣ ስሟ በማይክሮፎን ተጠርቶ፣ ክብሯ እንደተጠበቀ በኖረች ነበር።

ለሠዓሊ መክፈል የቆየ በሽታ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን ሲመጣ፣ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሮ አገኘው። ሰውየው ባለጸጋና ባለማዕረግ ነበር። አልቫሬዝም ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ትልቅ ጌታ መሆኑን እንደ ግርምት መዝግቦታል። ይኸው ሰው ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር፣ አትሮንሰ ማርያም ላይ፣ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣለና ሕዝቡ በቁጣ ተነሣበት ይባላል፤ ግራ የዝቅታ ወገን ነውና። ንጉሡ ግን ሥዕሉን አላስፋቁትም። እንግዲህ ያኔ ወሎ በሠዓሊ ላይ የተቆጣው ስለ ክንድ እንጂ ስለ ክፍያ አልነበረም። ይህ ጉድለት እስኪታረም አምስት መቶ ዓመት ፈጀ።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን ብዙ ጥሩ ሰው አምልጦናል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሥዕል ተምሮ መጣና የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት በመስታወት ሥዕል ሞላው፣ ቪላ አልፋ የሚባል ቤትም ለራሱ ሠራ። አንድ መሐንዲስ ከሰርን። ገብረክርስቶስ ደስታ ግብርና ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ እሱንም ትቶ ጀርመን ለሥዕል ሄደ። አንድ የግብርና ባለሙያ ከሰርን። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞተ፤ እኛም ውለን አድረን አዲስ አበባ ላይ በስሙ ሙዚየም ከፈትን። ሠዓሊን ማክበር የሚቀለው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፍቶ ያባባሰውን ጣጣ፣ መንግሥት ሃምሳ ዓመት ቆይቶ በ70/30 ሊያስተካክል ሞከረ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። በቀረችው ሰላሳ ውስጥ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክና ቋንቋ ተጨናንቀው ሲገቡ ሠዓሊው በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ተከተላቸው። መቼም ሾልኮ የገባ ሰው ወንበር አይጠይቅም።

አሁን ይህ ሾልኮ የገባው ልጅ ዲግሪውን ይዞ ቆቦ ተመልሷል እንበል። ሥራ የለም እንዳትሉ፣ ሞልቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሕፃናቱ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ይማራሉ። መጽሐፉ ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ እንደሚሆኑ ይናገራል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቀለም ነጭ ጠመኔ ስለሆነ ልጆቹ በእምነት ይቀበሉታል። በ2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ሆነ፤ ልጁም ዜናውን ሰምቶ ደስ አለው። ግን ብዙ ቦታ ሥዕል የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ የጎደለበት መምህር ነው፤ የስፖርቱ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንሱ። ሥዕል የተማረ ሰው ሥዕል ቢያስተምር አድልዎ ይመስላል።

ታፔላስ? ድሮ የአዲስ አበባ–መቀሌን መንገድ ተከትሎ የተደረደረው ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤትና ምግብ ቤት ሁሉ በእጅ የተጻፈ ታፔላ ነበረው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ የተሣለው ሰንጋ ቀንዱ የተንጨፈረረ፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ላየው ሰው ምራቅ የሚያስውጥ የራያ ሰንጋ ነበር። ዛሬ ባነር ይታተማል። ባነሩ ላይ ያለው ከብት ከኢንተርኔት ወርዶ የመጣ፣ ሻኛ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት፣ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም ነው፤ ያውም የወተት። ከሥሩ «የራያ ምርጥ የበሬ ሥጋ» ይላል። የባነር ቤቱ ሂሳብ በካሬ ይሰላል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ሳይከፈለው ጥቅሉን አያስነካም። ማሽኑ ዲግሪ ስለሌለው ክብሩ አይነካበትም።

የቅርጻ ቅርጽ ምሩቁ ዕድል እንኳ ይሻላል። ጥቅምት ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ የአባቱ እርሻ መሐል የወፍ ማስፈራሪያ ያቆማል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ዘንበል ያለ፣ ከሩቅ ሲታይ የሚያስደነግጥ ሥራ ነው። አባትየው አዩና አንድ ሙሉ የማሽላ ራስ ቆርጠው ሰጡት። በሙያው የተከፈለው የመጀመሪያ ክፍያ ይህ ነው፤ ተጠብሶ ተበልቷል።

አንድ ነገር በመንገዴ ላንሣ። ወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ጉልት ላይ የሚሸጡ ሴቶችን ለዓመታት ሥለዋል፤ ተከታታይ ሥራቸውን «የሕይወት ምሰሶዎች» ብለውታል፤ ለንደን ድረስ ሄዶ ታይቷል። የእኛም ሴቶች በቆቦ ጊራና ሸለቆ ውሃ የበቀለውን ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው እንደዚያው ይቀመጣሉ። ሥዕሉ ለንደን በፓውንድ፣ ሽንኩርቱ ቆቦ በኪሎ ይሸጣል። በነፃ የሚሄደው ቆቦ ላይ የተሣለ ሥዕል ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ምስል ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ጊዜም አለ፣ አንድ ጊዜ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1984 ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ በቢቢሲ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት ላይቭ ኤይድ በተባለው ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ስንራብ የተነሣነው ምስል ሚሊዮን ያመጣል፤ ስንጨፍር የተሣልነው «ለአገርህ ነው» ይባላል።

ጭፈራ ካልን ነሐሴ አጋማሽ ይምጣና እዩ። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል የሚሉት የልጃገረዶች በዓል ነሐሴ 16 ይገባል። አስቀድሞ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ንዑሳን ኮሚቴዎች ይወልዳል፣ በጀት ይያዛል። ድንኳን ያከራየ ይከፈለዋል። ወንበር ያከራየ ይከፈለዋል፤ የተሰበረ ካለም ይካሳል። ሞንታርቦውና ጀነሬተሩ በቀን ታስበው ይከፈላሉ። የሰንጋው ባለቤት ይከፈለዋል፣ አራጁ ይከፈለዋል፣ ቆዳው እንኳ የሚወስደው አያጣም። የታሸገ ውሃ በደረሰኝ፣ ነዳጅ በኩፖን፣ ከላይ ለሚመጣው እንግዳ አበል በፊርማ። እንግዶቹ ከሚቀመጡበት መድረክ ጀርባ ደግሞ ስድስት ሜትር አቡጀዲ ይወጠርና፣ ሹሩባ የተሠሩ ልጃገረዶች ከዞብል ተራራ ሥር ከበሮ እየመቱ ይሣሉበታል። ሰብሳቢው ልጁን ያስጠሩታል።

«ወንድምዓለም፣ ይቺ ለአንተ ምንህ ናት? ቁርስህን በልተህ ጀምረህ ለምሳ የምትነሣባት ናት።»

«ቀለሙን ማን ይገዛልኛል ጋሼ?»

ቤቱ ጸጥ ይላል። ንዑሳን ኮሚቴዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ቀለም የለህም እንዴ? ሠዓሊ አይደለህም?»

ጀነሬተር አከራዩን «ናፍጣ የለህም እንዴ?» ያለው የለም። ሰንጋ ሻጩን «ለአገርህ ነው» ያለው የለም። እነሱ ነጋዴዎች ናቸዋ፤ የነጋዴ ክብር ገንዘቡ ነው፣ የጥበብ ሰው ክብር ግን ቀለሙን ከራሱ፣ ሙጫውን ከጎረቤት፣ ምሳውን ከእናቱ ቤት ማምጣቱ ነው። ልጁ አምስት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ይሠራል። ሰብሳቢው በሦስተኛው ቀን ብቅ ብለው «ይቺ ከፊት ያለችው ልጅ ትንሽ ፈገግ ትበል» ይላሉ። ፈገግ ትላለች። በአራተኛው ቀን ሌላ ኃላፊ ይመጡና «በዓል ነው እንጂ ቀልድ ነው እንዴ፣ ኮስተር ትበል» ይላሉ። ትኮሳተራለች። ምክርም በነፃ ነው፤ ኮሚቴው ንፉግ አይደለም።

በዓሉ ሲያልፍ ክፍያው ይፈጸማል። መጀመሪያ «እጅህ ይባረክ» ይባላል፤ ይህ ቀብዱ ነው። ቀጥሎ ይጨበጨባል፤ ጭብጨባው ከተደገመ የትርፍ ሰዓት ነው። ቀሪው ሂሳብ በምስጋና ምስክር ወረቀት ይዘጋል። ይህን ወረቀት የሚያናንቁ አሉ፤ የኢኮኖሚ ዕውቀት ስለሌላቸው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ብራችን እንዴት እንደወደቀ ሁላችንም አይተናል። የምስጋና ወረቀት በዚያ ሁሉ ማዕበል ቅንጣት አልተነቃነቀም። ከዜሮ በታች መውረጃ የለውማ! ልጁ ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ከተከራያት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አከራይዋ የወሩን ኪራይ ልትቀበል ስትመጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ «ጎበዝ ልጅ» አለችው፤ ኪራዩንም ጨመረችበት፣ ታዋቂ ሰው ነዋ።

በዚሁ በዓል አካባቢ ሥልጣኔ ያልገባት አንዲት ባለሙያ አለች፤ ሹሩባ ሠሪዋ። ከልጃገረዶቹ ጭንቅላት ላይ የምታወጣው መስመር የሠዓሊው እጅ የሚቀናበት ነው፣ ከማንም ትምህርት ቤትም ይቀድማል። እሷ ግን ገና በርጩማዋ ላይ ሳትቀመጥ ሂሳቧን ትናገራለች። የተከራከራት ካለ ግማሽ ራሱን ተሠርቶ ግማሹን አንጨብርሮ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ እስካሁን የሞከረ አልተሰማም። ልጁ ከእሷ ትምህርት ወስዶ ነገ ሰብሳቢው ሣለኝ ቢሉት ሥዕላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ብቻ ቢሠራስ የሚል ክፉ ሐሳብ አንዳንዴ ሽው ይልብኛል። ወዲያው አማትባለሁ።

ይልቅ ይህ በጎ አሠራር ለምን በሠዓሊ ብቻ ይወሰናል? ለሌሎችም ይዳረስ። ሽንኩርቱን ከቆቦ የሚጭነው ነጋዴ ለገበሬው «እጅህ ይባረክ» ብሎ መኪናውን ያስነሣ። ገበሬውም ለውሃ መሳቢያው ናፍጣ ሲያስቀዳ ለማደያው ያጨብጭብ። ድንኳን አከራዩ በምስጋና ወረቀት ልጆቹን ያስመዝግብ። የኮሚቴ አባላትም አበላቸውን ትተው ለአገር ሲሉ ይሰብሰቡ። ይህችን የመጨረሻዋን እንኳ እንደ ሐሳብ ብቻ ያዙልኝ፤ የማንንም ኑሮ የመንካት ፍላጎት የለኝም።

አንድ የቀረኝ ነገር የምስክር ወረቀቱ ነው። ዳር ዳሩን በሐረግ የተከበበ፣ ከላይ የልጃገረዶች ምስል ያለበት፣ ፊደሉ የሚያምር ነው፤ ያየው ሁሉ ማን እንደነደፈው ይጠይቃል። የነደፈው ራሱ ልጁ ነው፤ «ይቺ ለአንተ ምንህ ናት» ተብሎ። ያተመው ማተሚያ ቤት በደረሰኝ ተከፍሎታል። ብቻ የልጁ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ኮሚቴው ዘንድ ሄዶ ሲያመለክት በጣም አዘኑለት፤ ሶፍት ኮፒው እሱ ዘንድ ስላለ አስተካክሎ፣ በራሱ ወጪ አሳትሞ ለፊርማ እንዲያመጣው ነገሩት።