ቁስቋም፣ ዳገቱና ጭንቀቴ

አዲስ አበባን የቆረቆራት ድካም ማውጣት ነው ብል የታሪክ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቅሁም። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳሉ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማገዶውም እየራቀ ሄዷል። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ገላቸውን ይታጠቡ ነበርና ሜዳውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. ስም አወጡለት። እንግዲህ ይቺ ከተማ የተወለደችው ፍል ውሃ ገብቶ ዘና ካለ ሰው ሐሳብ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘና ያለ ሰው ያየባት ካለ ይንገረኝ።

እኔ የምኖረው እነሱ ትተውት ከወረዱት ተራራ ሥር፣ ቁስቋም ነው። የሰፈራችን ጭንቀት ሰዓት ያከብራል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ግቢው በሙሉ ጄሪካኑን ይዞ ይነሣል። ማለዳ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀናል። እንደምንም ገብቼ እፎይ ስል አለቃዬ በቴሌግራም «የት ደረስክ?» ይለኛል። ማታ ስመለስ አከራዬ እማማ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ኑሮው እኮ ተወደደ» ይላሉ። ይህ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ የኪራይ ጭማሪ መግቢያ ነው።

ተጨንቄያለሁ ስል የሰማ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ወዳጄ ድራፍት ጋበዘኝ፤ ጭንቀቴ በነጋታው ራስ ምታት ጨምሮ ተመለሰ። አንዷ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ መተግበሪያ ጫነችልኝ፤ በየሰዓቱ «አሁን ይረጋጉ!» እያለ በደወል ያስደነግጠኛል። ሌላው «በጥልቀት ተንፍስ፣ ቀስ ብለህ አስወጣ» አለኝ። ምክሩ እውነት ነው፤ ቀስ ያለ ትንፋሽ ልብን ያረጋጋል። ታክሲ ውስጥ ስሞክረው ግን አጠገቤ ያለችው ሴት የታመምኩ መስሏት መስኮት ከፈተች። ከኋላ «ብርድ ገባ፣ ዝጉት!» የሚል ተነሣ። ጭቅጭቁ ስድስት ኪሎ ድረስ ዘለቀ።

ሐኪሞቹ እንደሚያስረዱት ሰው ሲጨነቅ አካሉ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል፣ ደሙም ወደ ጡንቻ ይጎርፋል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለመታገል ወይም ለመሮጥ ነው። አያቶቻችን ጅብ ሲመጣባቸው ተጠቅመውበታል። እኔ ግን ያንን ሁሉ ስንቅ ይዤ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ። ከአለቃዬ እንዳልሮጥ ደግሞ ደመወዝ አለ።

ስለዚህ ማታ ማታ ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እወጣዋለሁ። ከቁስቋም ዳገት ጋር እየታገሉ ከአለቃ ጋር መከራከር አይቻልም። በልቤ የማዘጋጀው ድንቅ መልስ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ማሠሪያው ይጠፋበታል፤ ከፍ ስል ስድቡም ይረግፋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስደርስ የሚያሳስበኝ ትንፋሼ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የቁስቋም ሰው ይህን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ያሟላዋል። ችግሩ ወደ እንጦጦ የሚወጡት ሯጮች ናቸው። አልፈውኝ ሲሄዱ «በርታ ጋሼ!» ይሉኛል። ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ የሆንኩት እያልኩ ሌሊቱን እጨነቃለሁ።

ዳገት ግን ለሁሉ አይታዘዝም። እኔ ለጤናዬ ስወጣ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጭራሮና ቅጠል የለቀሙ እናቶች በሸክም ጎብጠው ይወርዳሉ። ለእነሱ «ትንሽ በእግር ብትንቀሳቀሱ ጭንቀት ይለቃል» ማለት ቀልድም አይሆንም። እዚሁ አካባቢ እንጨት መሸከም ትተው ሽመና የያዙ ሴቶች ማኅበር አላቸው፤ ጀርባቸውን ያቀናው ምክር ሳይሆን ሌላ ሙያ ነው። አንዳንዱ ጭንቀት ሸክሙ ራሱ ካልወረደ አይለቅም።

ሸክሙን ማውረድ ካልተቻለ ደግሞ ሰው ያግዛል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አያቶችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀመጡ፤ የጨነቀው እየመጣ ያወጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹ ድባቴ በጉልህ መቀነሱን አሳየ። ይህን ለእማማ ቡና ላይ ስነግራቸው «ለመስማትም ሥልጠና ያስፈልጋል?» አሉ። በግቢያችን ልክ ያስፈልጋል። አቦል ላይ የጀመርኩት ብሶት ቶና ሳይደርስ በሌላ ሰው ብሶት ይቀደማል፤ በረካ ላይ አጽናኙ እኔው ነኝ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ይቀለኛል። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ላለው ሰው ግን ከቡናው ይልቅ ሐኪም ይሻላል። በረካን ማታ መጠጣትም አይመከርም፤ እስከ ሌሊት ዘጠኝ ዐይኔ አይከደንም፤ ጥቅሙ ለውሃው ቀስቃሽ አለመፈለጌ ነው።

ባለፈው የልብ ልብ ተሰምቶኝ «እማማ፣ ኪራይ ሲጨምሩብኝ እኮ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አይወስደኝም» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ።

«እኔንስ ሳልጨምር መች ሊወስደኝ?»