ሊቀመንበሩ ጎልፍ ክለብ ገባ

ወዳጃችን ሊቀመንበር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ የግል ጎልፍ ክለብ አባል መሆኑን በነገረን ዕለት "እንኳን ደስ ያለህ" ያለው ሰው የለም። ሁላችንም ባንድ አፍ "ስንት ከፈልክ?" ነው ያልነው። አበሻ ዋጋውን ሳይሰማ ደስ አይለውም፤ ሰምቶም ደስ የሚለው ዋጋው ዝቅ ያለ እንደሆነ ነው።

ሊቀመንበር የምንለው በደርግ ጊዜ ቀበሌ መርቶ አይደለም። የእድራችን ሊቀመንበር ስለነበረ ነው። ሰው ሲያርፍ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚያስልከው፣ አዳራሽ የሚከራየው፣ ወንበር የሚያስቆጥረው፣ ተኳርፈው የኖሩ እህትማማቾችን ልቅሶ ቤት ጥግ አስቀምጦ የሚያስታርቀው እሱ ነበር። ሥልጣኑን ለተተኪ አስረክቦ ከወረደ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልወረደለትም። ስልኩም እንደዚያው።

ዋጋውን በቀጥታ አልነገረንም። "ከመኪና ይበልጣል፣ ከቤት ያንሳል" ብሎ ዘጋው። በቨርጂኒያ ገበያ ይህ አነጋገር እጅግ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ የቀረውን እኛው ማጣራት ነበረብን።

የጎልፍ ክለብ አከፋፈል እድር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ መግቢያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ከተከፈለ አይመለስም። ቀጥሎ ወርሃዊ መዋጮ አለ፤ በረዶ ጥሎ ሜዳው ቢዘጋም፣ ወገብህን ታምመህ ብትተኛም ይከፈላል። የክለቡ ቤት ጣራ ያፈሰሰ ወይም የሣሩ ማጠጫ ቧንቧ ያረጀ እንደሆነ ልዩ መዋጮ ይጣላል። የዱላ ማስቀመጫ ሣጥን ኪራይ አለ። በሜዳው ላይ የምትነዳው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ኪራይ አላት። እንግዳ ይዘህ ከመጣህ የእንግዳ ይከፈላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እድር ስትሞት ይከፍልልሃል፣ ክለቡ እስክትሞት ያስከፍልሃል።

"ከታክስ ይቀነሳል እኮ!" አለ ሊቀመንበር። የቤት ለቤት የአረጋውያን እንክብካቤ የሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ንግድ ፈቃድ ያወጣ አበሻ ደግሞ ሁሉም ነገር ከታክስ ይቀነሳል የሚል ጽኑ እምነት አለው። ታክስ የሚሠራልን ሰው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። ኮንግረስ በ1993 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ1994 ጀምሮ የክለብ መዋጮ እንደማይቀነስ፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ደንበኛን ጎልፍ የመጋበዝ ወጪም እንደቀረ አስረዳው።

"ደንበኞቼን በምን ላስደስታቸው ታዲያ?" አለ ሊቀመንበር።

"ደንበኞችህ እኮ አልጋ ላይ ያሉ አሮጊቶች ናቸው" አለው ሰውዬው፣ "ጎልፉን ማን ይጫወትልሃል?"

እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የሚስጥሩን ዋጋ ስለማላውቅ ለምሳሌ ያህል መግቢያውን 20,000 ዶላር አልኩ። አምስት ዓመት ቢቆይ ለዓመት 4,000 ይደርሳል። ወርሃዊውን 600 ብንለው 7,200 ነው። የግዴታ ምግብ (ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ራሱን የቻለ ጉድ ነው) 1,200፣ ለመኪናዋና ለልዩ ልዩው 600። ድምሩ በዓመት 13,000 ዶላር መጣ። መቶ ጊዜ ለሚጫወት ሰው አንዱ ዙር 130 ዶላር ነው፤ መጥፎ አይደለም። ሃያ ስድስት ጊዜ ለሚጫወት 500 ዶላር። አሥር ጊዜ ለሚጫወት 1,300 ዶላር፤ ይህም ወቅቱን ጠብቆ ለገዛ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ካሉት የጎልፍ ሜዳዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ለማንም ክፍት ናቸው፤ ከመቶ ዶላር በታች ከፍሎ አንድ ዙር የሚጫወቱበት በሽ ነው።

"አንተ ሒሳቡን የምትሠራው በዶላር ነው" አለች ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች፣ "እስቲ በቅዳሜ ሥራው።"

ከዚህ በኋላ ብዕሩን ለሷ መስጠት ነበረብኝ። በዓመት ውስጥ 52 ቅዳሜ አለ። ሙሉ ዙር 18 ጉድጓድ ነው፤ አራት ሰዓት ግድም ይወስዳል። መሄጃና መመለሻው፣ ልብስ መቀየሩ፣ "አንድ ነገር ቀምሰን እንሂድ" የሚባለው ሲጨመር ቀኑ አለቀ። ከቅዳሜዎቹ ላይ መጀመሪያ ክረምቱ ይነሣል። ግንቦትና ሰኔ ምርቃት ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ይመረቃል፣ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚመረቀው ሳይቀር አዳራሽ ተከራይቶ። በጁላይ 4 ሰሞን በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ እግር ኳሱን ማንም ባያየውም ሳይሄዱ መቅረት አይቻልም። ከዚያ ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ክርስትና፣ ተዝካር፣ ማኅበር። ቤት የገዛ፣ ቤት የቀየረ፣ እናቱ ከአገር ቤት የመጡለት፣ እናቱ ሊመለሱ ሻንጣ የሚያዘጋጁለት። ልቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቀንሳ ስትጨርስ ለሊቀመንበር የተረፈው ቅዳሜ የሚጠቀሙበት ሳይሆን በፍሬም አድርገው የሚሰቅሉት ዓይነት ነበር።

"እሁድስ?" አልኳት።

"ቅዳሴውስ?"

እሷን መርታት ባይቻልም በዚህ ነጥብ ስኮትላንዶችም ከሷ ጋር ናቸው። የጎልፍ እናት በሚሏት በሴንት አንድሩስ ያለው ጥንታዊ ሜዳ እሁድ እሁድ እንደ ልማዱ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ ሰው ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸርበት ይውላል። እንዲያውም በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወንዶቹ ቀስት መለማመድ ትተው በዚህ ጨዋታ ተጠመዱ ብሎ ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር አግዶት ነበር። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ፓርላማውን በጣም ወደደችው።

ወደ ግዴታው ምግብ ልመለስ። ብዙ ክለቦች አባሎቻቸው በየሩብ ዓመቱ ከምግብ ቤታቸው ይህን ያህል ዶላር እንዲበሉ ያስገድዳሉ። ካልበላህ ገንዘቡን እንደበላህ ቆጥረው ይወስዱታል። ሐሳቡ ምግብ ቤቱ እንዳይከስር ነው፤ ያወጣው ሰው ግን የኢትዮጵያን ባሕረ ሐሳብ አልተማረም። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የሚዘጋው ማርች 31 ነው። በዚህ ዘመን ፋሲካችን ከኤፕሪል 4 አይቀድም፣ ከሜይ 8 አያልፍም፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ቁጭ ብለህ ብታሰላው ማርች 31 ምንጊዜም ጾም ውስጥ ይወድቃል። ምንጊዜም!

እናም በማርች መጨረሻ ሊቀመንበር "ኑ ብሉልኝ" ብሎ ጠራን። ሱፍና ከረባት አድርገን ሄድን፤ ደንብ አለ፣ ጂንስ አይፈቀድም። ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፣ ሹካው በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል። አስተናጋጇ መጥታ የዕለቱን ልዩ ስቴክ ስታወድስ ሁላችንም እንደ ቅዳሴ ተሰጥዖ "ድንች ጥብስ" አልን። ሰላጣ፣ አይቡ ይቅር። ፓስታ፣ ቅቤ እንዳይነካው፤ የተቀቀለበት ውኃስ ምን ነክቶት ነበር? ዳቦው ወተት አለበት ወይ? ሼፉ ራሱ ከወጥ ቤት ወጥቶ አየን። ሊቀመንበር የሩብ ዓመቱን ግዴታ በድንች ለመጨረስ ስንት ማዳበሪያ ድንች እንደሚያስፈልገው በሞባይሉ ሲያሰላ አንድ ሽማግሌ አባል መጥተው ስልክ ክልክል መሆኑን በትሕትና ነገሩት። ይህችን ስልክ ያዙልኝ፤ ትመጣለች።

"ሰው ለማወቅ ነው የገባሁት" የሚለውንም ምክንያት ሞክሮት ነበር። ሐኪም፣ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል፣ የሕንፃ ተቋራጭ አብረውት ይጫወታሉ፤ እንደሰማሁት ግን ሀብታም ሰው ሜዳ ላይ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ገንዘብ አይደለም። ስለ ጉልበቱ ነው። ማን አስቀየረ፣ የቱ ሐኪም ጥሩ ነው፣ ግራው ይብሳል ወይስ ቀኙ።

ሲቸግረው ወደ ታሪክ ዞረ። "ጎልፍ እኮ የኛው ገና ነው፤ ፈረንጅ ወስዶ ሣር አልብሶ ዋጋ ጨመረበት" አለ። ቀጥሎም ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ በወደቀችበት ቁጥር "አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት ሜዳ ብሆን ይቺ ጉድጓዱ አጠገብ ነበረች" ይል ጀመር። እዚህ ላይ ልከራከረው አልቻልኩም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ከቨርጂኒያ ዝቅተኛ ምድር ይልቅ ርቃ ትበራለች። ስደተኛ "አገሬ ብሆን ኖሮ" ብሎ ከተናገረው ሁሉ ሳይንስ የሚደግፈው ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ምርጫው የኔ ቢሆን ገንዘቤን የምወስደው አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ወዳለው ላንግስተን ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁሮች ከነጭ እኩል እንደ ልባቸው መጫወት በማይችሉበት ዘመን፣ በ1939፣ ለነሱ ተብሎ የተከፈተ የሕዝብ ሜዳ ነው። ስሙም ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር የጆን መርሰር ላንግስተን ነው። በ1937 ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ክለብ ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ለፌዴራሉ መንግሥት አቤት ብለው ሜዳው እንዲሠራ ከገፉት መካከል ናቸው። ሲከፈት 9 ጉድጓድ ብቻ ነበረው፤ 18 የሞላው በ1955 ነው። ጆርጂያ ያለው ስመ ጥሩ ኦገስታ ናሽናል የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ደግሞ በ2012 መሆኑን ሲያስቡት፣ የግል ክለብ መግቢያ ብዙ ዘመን በገንዘብ ብቻ የሚተመን እንዳልነበረ ይገባል። ይህን ለሊቀመንበር ስነግረው ፊቱ በራ።

"አየህ? እኔ የከፈልኩት ለጥቁር ሕዝብ ታሪክ ነው።"

እውነተኛውን ምክንያት የነገረኝ በእንግድነት ይዞኝ የሄደ ዕለት ነው። በሩ ላይ መኪናችንን የተቀበለን ልጅ ገና ሲያየን "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ!" አለ፤ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ መኪና አቁሞ ከአበሻ ማምለጥ ያስቸግራል። ሊቀመንበር ፈጠን ብሎ ሰላም አለውና ስልኩን ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ ሜዳ ወጣን። ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ አይፈቅድም፤ እሱ 14ቱንም ይዟል፣ የሚመታው ግን በሁለቱ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ቆም አለና ጣቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

"ሰማህ?"

"ምኑን?"

"ምንም የለም እኮ። የሚደውል የለም። ገንዘብ ላክ የሚል የለም፣ አስታርቅ የሚል የለም፣ አዳራሽ ያዝ የሚል የለም። ስልክ መያዝ የሚያስቀጣበት ቦታ በገንዘብ ይሸጣል ብትባል አንተ አትገዛም?"

ቤት ቆጥሬ የመጣሁትን ሒሳብ ሁሉ በዚህ መልስ ፊት ማቅረብ ከበደኝ። በስልክ ለተሰቃየ ሰው 13,000 ዶላር ውድ ነው ወይ? ባለቤቴን ሳልጠይቅ አልመልስም።

ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ሊቀመንበር እግሩን ገጥሞ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ዱላውን ወደ ኋላ እንደሰቀለ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ሣሩን አቋርጣ እየበረረች መጣች። የሚነዳው ያ ልጅ ነው።

"ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክዎ አልሠራ ሲላቸው ለኔ ደወሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት መርዶ አለ፤ ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊያረዱ ነው። ያለ እርስዎ አይሆንም አሉ።"

"የአንተን ስልክ ከየት አገኙት?"

"ባለቤትዎ ናቸው የሰጡት።"

"ባለቤቴስ?"

"ድሮ ሲመጡ ተቀብለውኝ ነበር። 'ምናልባት' ብለው።"

ሊቀመንበር ዱላውን ቀስ አድርጎ አወረደ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ነጥብ የሚመዘገብባትን ካርድ ከኪሱ አወጣ፣ ገለበጣት፣ ክለቡ የሚሰጣትን አጭር እርሳስ በምላሱ ነካ አደረጋት።

"ለመሆኑ አንተ እድር አለህ?"

"ኧረ የለኝም ጋሼ።"

"መግቢያው 200 ዶላር ነው። በወር 20። የምግብ ግዴታ የለብህም። ሙሉ ስምህን ከነአያት።"

ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት አራት ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር። ሊቀመንበር ቀና ሳይል እጁን አነሣላቸውና ልጁን፣ "ባለትዳር ነህ? የሚስትህስ ስም?" አለው።