ዋይ ብዬ የነቀልኩት ዴስክቶፕ

ኮምፒዩተር የሚጠይቀኝን አላነብም። ጥያቄው ሳያልቅ ጣቴ የእሺታዋን «ዋይ» ትጫናለች። ደብረ ታቦር ላይ ግን «የሊኑክስ ሰው» ነኝ፤ ስሙን ያወጣሁትም ራሴው ነኝ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጋፋት ስለሆነ፣ ሞቅ ሲለኝ «ቴክኖሎጂ በደማችን ነው» እላለሁ። ሥራውን የመሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን መሆናቸውን በዚያ ሰዓት አላነሳም።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ወደ ኡቡንቱ ሊኑክስ 22.04 አሳደግኩ። (ቁጥሩ የፈረንጅ ዓመትና ወር ነው፤ በእኛ ቢሆን 14.08 ይባል ነበር።) ከዚያ አንድ አፕኢሜጅ (ሳይጫን የሚከፈት ፕሮግራም) ፊዩዝ ካላገኘሁ አልከፈትም አለ። ፊዩዝ የፋይል ሥርዓትን ከከርነሉ ውጭ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፤ በኤንቲኤፍኤስ የተፎረመተ ፍላሽ የሚከፍተው ኤንቲኤፍኤስ-3ጂም በእሱ ላይ ነው የሚሠራው። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ፊዩዝ3ን ነው። አፕኢሜጁ የፈለገው የቀድሞውን ላይብረሪ፣ ሊብፊዩዝ2ን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከፊዩዝ3 ጋር ተስማምቶ ይኖራል። እኔ ሙሉውን የድሮ «ፊዩዝ» አዘዝኩ። እሱና ፊዩዝ3 ፊዩዘርማውንት የምትባል አንዲት ፋይል ላይ እንደ ርስት ስለሚካሰሱ፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።

ፕሮግራም የሚጭነውና የሚነቅለው አፕት ነውር የለበትም፤ ደብቆኝ አያውቅም። ፊዩዝ3 እንደሚነቀል፣ እሱን ተደግፈው የቆሙት ሁሉ እስከ ዴስክቶፑ ድረስ ተከትለው እንደሚሄዱ አንድ በአንድ ጻፈልኝ። ጽፎም «ልቀጥል?» አለ።

ዋይ!

ሪስታርት ሳደርገው ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን ሆነብህ?»

«ቫይረስ ነው፣ እትዬ።»

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም ብለህ አይደል እንዴ ያስገባኸው፣ ልጄ?»

ኬብል የፈታሁ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

መፍትሔው አጭር ነበር፦ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ተጭኖ ወደ ጽሑፍ ገጹ መግባት፣ ኡቡንቱ-ዴስክቶፕን መልሶ መጫን፣ ለአፕኢሜጁ ሊብፊዩዝ2ን መጨመር። ፓኬጆቹ ግን ከኢንተርኔት መውረድ አለባቸው፤ ከዚህ በፊት የወረዱትን ደግሞ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ጠርጌያቸዋለሁ። ኔትወርኩ እንደ እኔ አይደለም፤ ለተጠየቀው ሁሉ እሺ አይልም። እትዬ ቡና አፍልተው፣ ደሞዝ በእጃቸው እየጻፉ ጠበቁኝ።

አሁን አፕትን ሳዝ «ማይነስ ኤስ» እጨምራለሁ፤ ምንም ሳይነካ ምን እንደሚነቅል ብቻ ያሳየኛል። ዝርዝሩን አነባለሁ። ረዘም ካለ ግን የመጨረሻውን መስመር ብቻ።